ከድሬዳዋ የመጣው ጎማ

ጅቡቲ፣ ካርቲዬ 2
ታኅሣሥ 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወሰኑ፤

«ጦሩን የሠራው እሸቴ ነው። ጎማውን ሦስት ብሎ ቆጥሮ ያስተማረው እሸቴ ነው። የእኔ ልጅ የታዘዘውን ያደረገ የሰው አገር እንግዳ ነው። የልጃችሁን ደም ከእሸቴ እጅ ጠይቁ።»

ይህ የእርስዎ ቃል ነው። ኅዳር 22 ቀን ለረምዚ አባት ለሀምዱ ከጻፉት ደብዳቤ፣ ከሁለተኛው ገጽ፣ ከላይ ከአራተኛው መስመር ጀምሮ አንድ ፊደል ሳልጨምርና ሳልቀንስ የገለበጥኩት ነው። ሀምዱ ሐረር ያደገ ሰው ነውና አማርኛውን ያቀላጥፈዋል። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ባለው የጨርቅ መደብሩ፣ ሰባት ሰው ቆሞ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና «ዘመድህ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ አባቶቻችን የአጎት ልጆች ናቸው» አልኩት። «ጥሩ ዘመድ አለህ» አለኝ።

በወጉ ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል፤ ታላቄም ነዎትና ጤናዎን መጠየቅ ይገባኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ሰላምታዬን ለኢዛና እናት ለእትዬ ወርቅነሽ ብቻ ያድርሱልኝ፤ ፈጣሪ ልባቸውን ያጽናው።

ኅዳር 5 ቀን ዓርብ የሆነውን እርስዎ የሰሙት ከሸሸ ልጅ አፍ ነው። ከእኔም ይስሙት።

ትምህርት በሌለበት ቀን የሠፈር ልጆችን ሰብስቤ በላስቲክ ነገር መሥራት እንደማስተምር ያውቃሉ፤ ልጅዎን ኢዛናንም የላኩልኝ «እጁ ሥራ ይወዳል፣ አንተ ጋ ሆኖ ይማር» ብለው ነው። ትንንሾቹ ከክር ማጠንጠኛ፣ ከሻማ ቁራጭና ከአንድ ላስቲክ በራሱ የሚሄድ መኪና ይሠራሉ። በሰርዲን ቆርቆሮ ላይ ላስቲክ ጠምዝዘው ጀልባ ያስቀዝፋሉ። ሴቶቹ ላስቲክ በላስቲክ ቀጥለው ሱዚ ይዘላሉ። ትልልቆቹ የዓሣ ጦር ይሠራሉ፦ ክንድ ተኩል ጣውላ፣ ጫፉ በሞረድ የተሳለ የጃንጥላ ዘንግ፣ ዘንጉን የሚይዝ አንድ ምስማር፤ የሚወረውረው ከካላማዳሪያ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ የተቆረጠ የጎማ ቀለበት ነው። ሦስት ቀለበት። ከሦስት በላይ አይፈቀድም። ጦሩ ከውኃ ውጭ አይወጠርም። ይህን ሕግ የግቢዬ ግድግዳ ላይ በከሰል ጽፌዋለሁ።

የዚያን ቀን ባሕሩ ሸሽቶ ሄሮን ሠፈር ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ ወጥቶ ነበር። እኔ ከትንንሾቹ ጋር ጀልባ እናንሳፍፋለን። ኢዛናና የሀምዱ ልጅ ረምዚ፣ ሁለቱም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች፣ ጦሩን ይዘው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ራቁ። ጩኸት አልሰማሁም። በሩቅ የነበረ ዓሣ አጥማጅ ነው እጁን እያወዛወዘ የጠራኝ።

ዘንጉ ከረምዚ ግራ ጆሮ በታች፣ ከመንጋጋው ሥር ገብቶ በማጅራቱ ወጥቷል። ልጁ በገዛ እጁ ነቀለው። ባይነቅለው ይሻል ነበር። ስደርስ በጉልበቱ ተንበርክኮ ውኃው ዙሪያውን ቀልቷል። አንገቱን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት፤ ደሙ በጣቶቼ መሀል እየተፈናጠቀ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተ። ኢዛና አልነበረም። ጦሩ ድንጋዩ ላይ ተጥሏል። ልጅዎ በዚያው ቀን በጭነት መኪና ድንበር ተሻግሮ በማግሥቱ ቤትዎ ገባ።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን የሀምዱ ሁለት ወንድሞች ግቢዬ ገቡ። አንደኛው አፌን በጣውላ መታኝ፤ ሁለት ጥርስ ተፋሁ። ጀልባዎቹን፣ መኪኖቹን፣ ያለውን ጎማ ሁሉ መሀል ግቢ ከምረው ጋዝ አርከፍክፈው ለኮሱት። እርስዎ ጎሚስታ ነዎት፤ የጎማ ጭስ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አልነግርዎትም። ሌላኛው ወንድም ደግሞ፣ ልጄ ሊድያ ለሱዚ የቀጣጠለችውን መቶ አርባ ላስቲክ አንገቴ ላይ ጠምጥሞ፣ ጉልበቱን ጀርባዬ ላይ ተክሎ ሳበ። ሊድያ በር ላይ ቆማ ታያለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

«ቁጠር፣ አስተማሪ» ይለኛል። «ስንት ላስቲክ ነው? ቁጠርልን እንጂ።»

ያዳነኝ ሀምዱ ነው። «ልቀቁት» አላቸው። «ሲናገር እንጂ ሲሞት አይጠቅመኝም።»

ከዚህ በኋላ ነው የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰው። ፖሊስ ጦሩን ወስዷል፤ ፋይሉ ልጅዎን ይጠብቃል። የከተማው ሽማግሌዎች ደግሞ ጥር 8 ቀን ይቀመጣሉ። ደሙን በእኔ ላይ ከጣሉት ሀምዱ ወንድሞቹን ከዚያ ወዲያ አይዝልኝም፤ ፊት ለፊት ነግሮኛል። ትምህርት ቤቴም እስከዚያ ከሥራ አግዶኛል። የተወለድኩባት፣ አባቴን የቀበርኩባት ከተማ ናት፤ ጥያት አልሄድም። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፦ ለሀምዱ የጻፉትን በጽሑፍ ይሰርዙ። ስልክ አያነሡም፤ ቢያነሡም በስልክ የተባለ ቃል አልቀበልም። ደብዳቤ የምታመላልሰው ነጋዴዋ ማይሙና ናት።

እሸቴ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተወደድከው ወንድሜ ለመምህር እሸቴ፤

የቁልቢው ገብርኤል በክንፉ ይከልልህ። ሦስቱን ከእቶን ያወጣ አንተንም ካለህበት እሳት ያውጣህ። ልጅህን ሊድያን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልህ። እኛ ስሙ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። ትናንት ቁልቢ ደርሰን ተመለስን። ኢዛና ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ከደንገጎ ጀምሮ በእግሩ ነው የወጣው፤ ስለት አለበት።

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ቃሉን ታውቅበታለህ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባኸውም ለዚህ ነው። «ሁለተኛ ገጽ፣ አራተኛ መስመር» ስትለኝ ዳኛ ፊት የቆምኩ መሰለኝ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነኝ፤ ጎማ ስለጥፍ ያሳደግሁት አንድ ልጅ አለኝ።

ወንድሜ፣ ለሀምዱ የጻፍኩት አንተን ጠልቼ አይደለም። ሰዎቹ እዚህ ድሬዳዋ ወገን ሞልቷቸዋል። እስካሁን ቤቴን አላወቁትም፤ ያወቁ ዕለት ግን አለቀልን። አንተ እዚያው ተወልደህ ያደግህ ነህ፤ ሶማሊኛውንም ፈረንሳይኛውንም ትናገረዋለህ፤ ሰው ያከብርሃል። ትችለዋለህ ብዬ ነው። ስለ ጥርስህ አዝናለሁ። ጥርስ ግን ይተከላል፤ ልጅ አይተከልም።

ለሀምዱ ሌላ ደብዳቤ አልጽፍም። ነገር በጻፍከው ቁጥር ይበዛል። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ አንተው አለሳልሰህ ተናገር፤ እግዜር በአንደበትህ ይሁን።

ደግሞ የኢዛናን ልብስ፣ ጥቁሩን ጫማና የትምህርት ቤት ካርዱን በማይሙና ላክልኝ። በሁለተኛው መንፈቅ ሐዋሳ ላስገባው አስቤያለሁ። ወርቅነሽ ሰላም ብላሃለች፤ ቀን ከቀን ታለቅሳለች።

ወንድምህ ወሰኑ


ጅቡቲ፣ ካርቲዬ 2
ታኅሣሥ 25 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወሰኑ፤

ለምርቃትዎ አሜን ብያለሁ። ልብሱንና ጫማውን ልኬያለሁ። ካርዱ እኔ ጋ ይቆያል።

ጥቅምት 20 ቀን ከአንድ ፌስታል ጋር የላኩልኝን ብጣሽ ወረቀት ከዕቃዬ መሀል ፈልጌ አግኝቻለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ልጁ ያንተ ጎማ ሞቷል፣ ዓሣ እንኳ አይወጋም ይለኛል። ከአዲስ የከባድ መኪና ካላማዳሪያ አሥራ ሁለት ቀለበት ቆርጬ ልኬለታለሁ። ልጄ በሰው ልጆች ፊት አይፈር።»

ጅቡቲ ውስጥ ጎማ አንድ በጋ አይዘልቅም። ፀሐዩና ጨው ያለበት አየር ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። «ሦስት» ብዬ ያስተማርኩት ለዚህ ለደረቀው ጎማ ነው። የእርስዎ ፌስታል ቤት ውስጥ ስለነበር ከእሳቱ ተርፏል፤ ዘጠኝ ቀለበት ቀርቶበታል። ሚዛን ተውሼ ለካሁ። የእኔን አንድ ቀለበት ስንዝር ለመሳብ ሁለት ኪሎ ተኩል ይበቃል። የእርስዎ ሰባት ኪሎ ይጠይቃል። የእኔ ሦስቱ ሰባት ተኩል፣ የእርስዎ ሦስቱ ሃያ አንድ። ኢዛና ቁጥሩን አልጣሰም፤ የወጠረው ሦስት ነው። ምስማሩ ግን ሰባት ተኩል እንዲይዝ የተመታ ምስማር ነው። ሠላሳ ዓመት ጎማ ሲዳስሱ የኖሩ ሰው የላኩት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

የራሴንም እጽፋለሁ። ማይሙና ፌስታሉን ያመጣች ቀን ከፍቼ አይቼዋለሁ። አንዱን ቀለበት ሳብ አደረግሁና «ጥሩ ጎማ ነው» አልኩ። የማርመው ፈተና ነበረኝ። ሁሉን የምለካ ሰው ያን አልለካሁም። ይህንኑ በፊርማዬ ጽፌ ለሀምዱ ሰጠሁት። አንብቦ ኪሱ ከተተው። የተናገረችው ሚስቱ ሂንድ ናት፣ ከመጋረጃው ኋላ ሆና።

«አስተማሪ፣ ኪሎውን ለራስህ ያዘው። ልጄ በመጨረሻ ምን አለ? እየሳቀ ነው የተወጋው ወይስ እየለመነ?»

አላውቅም አልኳት።

«እንግዲያ የሚያውቀውን አምጣ።»

የሚያውቀው ኢዛና ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን ለውጫለሁ። የእርስዎ ስረዛ አያስፈልገኝም። ኢዛና ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ሦስት ነገር ጽፎ ይላክ፦ ጦሩን ከውኃ ውጭ ማን ወጠረው? ዘንጉን የለቀቀው ምስማሩ ነው ወይስ ጣት? ረምዚ ምን አለ? ምስማሩ ከሆነ ጥፋቱ የእኔና የእርስዎ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ለሱ የካሣ መንገድ አላቸው። ሌላ ሰው ጽፎለት እንዳይልኩ። ሰባት ወር ደብተሩን አርሜያለሁ፤ ጽሑፉን አውቀዋለሁ። ከጥር 8 በፊት ይድረሰኝ።

እሸቴ


ድሬዳዋ
ጥር 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእሸቴ፤

በዮርዳኖስ የተጠመቀ ጌታ ቁጣህን በውኃው ያብርድልህ። ጤና ይስጥህ፣ ቤትህን ይጠብቅልህ። ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ፤ ጥር 8 እንዳለፈ አውቃለሁ።

ኢዛና ሊጽፍልህ አይችልም። የገና ዕለት ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩና ደሜ ፈላ። ካላማዳሪያ አነሣሁ። ጀርባውን፣ ታፋውን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ገረፍኩት፤ ቆዳው ከካላማዳሪያው ጋር እየተነሣ መጣ። ወርቅነሽ መሀል ገባች፣ እሷንም አገኛት። እሱ ግን ዓይኑን ሳይነቅል ያየኛል። ያ ነው ያበገነኝ። ቀኝ እጁን የበሩ ድንጋይ ላይ አድርጌ በጎማ መፍቻው ብረት መታሁት። አራት ጣቱ ተሰብሯል። ወጌሻው አስሮለት «ይህ እጅ ከእንግዲህ እስክሪብቶ አይዝም» አለኝ።

አባት ነኝ፤ ቀጣሁት። ደም ለፈለጉት ሰዎች ደም ፈሰሰላቸው ብለህ ንገርልኝ። የእጅ ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ሀምዱም አባት ነው፣ ይገባዋል።

ስለ ጎማው ላነሣኸው ደግሞ፣ ጎማ አውቃለሁ፣ አልክድህም። የናንተ ፀሐይ ጎማ እንደሚገድል ግን ማን ነገረኝ? ልጄም ከመሬት ተነሥቶ ክፉ አይደለም። «የጎሚስታ ልጅ፣ ጎማህ ዝንብ አይገድልም» እያለ ሦስት ዓርብ ሙሉ የሣቀበት የሀምዱ ልጅ ነው። ልጄስ እስኪ ቅመሰው ቢለው ምን ይገርማል? ሰው ስንት ይችላል? ይህን ለአንተ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ አንብበህ ቅደደው።

ካርዱን ላክልኝ። ሐዋሳ የሚወስደው መኪና የካቲት 8 ይነሣል።

ወሰኑ


ጅቡቲ፣ ካርቲዬ 2
ጥር 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወሰኑ፤

አልቀደድኩትም።

«እስኪ ቅመሰው ቢለው ምን ይገርማል» ብለው ጽፈዋል። ይህን ከኢዛና በቀር የሚነግርዎ ሰው የለም። እንግዲያስ ዘንጉን የለቀቀው ምስማሩ ይሁን ጣት፣ እርስዎ ያውቃሉ። ኅዳር 22 ቀን «ደሙን ከእሸቴ እጅ ጠይቁ» ብለው ሲጽፉም ያውቁ ነበር። እኔ ሚዛን ተውሼ ስመዝን፣ ጥፋቱን ከጎማው ላይ ስፈልግ፣ እርስዎ እያወቁ ገብርኤልን ይጠሩልኝ ነበር።

ቀኖቹን ላስቀምጥልዎ። ኢዛና ቤትዎ የደረሰው ኅዳር 6 ነው። ከዚያ ቀን እስከ ታኅሣሥ 28 ሃምሳ ሁለት ቀን ነው፤ በነዚህ ቀናት አንድ ጥፊ አላነሡበትም፤ እንዲያውም ቁልቢ ወሰዱት። በገዛ እጁ እንዲጽፍ የጠየቅሁበት ደብዳቤ ታኅሣሥ 28 እጅዎ ገባ፤ የሰጠችዎ ማይሙና ናት። በማግሥቱ፣ ጌታ በተወለደበት ቀን፣ እጁን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ሰበሩት። ልጁን የመቱት ሰው ገደለ ብለው አይደለም። ይጽፋል ብለው ነው።

ጥር 8 ቀን ባዶ እጄን ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረብኩ። ሀምዱ ቀጠሮ ጠየቀልኝ። በማግሥቱ ወንድሞቹ የግቢዬን በር በመጥረቢያ ፈልጠው ገቡ። ሊድያን ባልባላ ሠፈር ወዳጅ ቤት አስቀምጫት ስለነበር አላገኟትም፤ እኔን አገኙኝ። የግራ ጎኔ ሁለት አጥንት ተሰብሮ ነው ይህን የምጽፍልዎ፤ ሳስል ደም ይመጣል። ማይሙና ደም የነካውን ሸሚዜን አይታ «መምህር፣ አንተ ደብዳቤ ትጽፋለህ፣ ሰው መጥረቢያ ይስላል» አለችኝ። ልክ ናት። ቢሆንም እጽፋለሁ።

አሁን እርስዎ የማያውቁትን ልንገርዎ። ኢዛና ግራኝ ነው። ሕፃን ሳለ ግራ እጁን ከወገቡ ጋር አስረው ቀኙን እንዳስለመዱት ነግሮኛል። እኔ ጋ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት እስክሪብቶውን ወደ ግራ እጁ አዞርኩለት። ያረምኩት የሰባት ወር ደብተር በሙሉ የግራ እጁ ጽሑፍ ነው። «ጽሑፉን አውቀዋለሁ» ስልዎ የነገርኩዎ ስለዚያ ጽሑፍ ነበር። ለምን ከእርስዎ እንደደበቀ ራስዎ ያውቁታል። የሰበሩት እጅ የሚጽፍበት እጅ አይደለም።

ይህን ሲያነብቡ ዓይንዎ ወዴት እንደሚሄድ ስለማውቅ ተዘጋጅቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ያደረሰልዎ ሰው የማይሙና ወንድም ሳቢት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በርዎን ያንኳኳል፤ የኢዛናን ግራ እጅ፣ አምስቱንም ጣት፣ በዓይኑ አይቶ ይደውልልኛል። አንድ ጠዋት ካላየ የቀጠሮውን ቀን አልጠብቅም።

የሀምዱ ወንድሞች ቤትዎን አያውቁትም። እኔ አውቀዋለሁ። ከባቡር ጣቢያው እስከ በርዎ ያለውን መንገድ ሥዬዋለሁ። የበሩን ቀለም፣ የኋላውን አጥር፣ ልጁ የሚተኛበትን ክፍል ጽፌበታለሁ። ወረቀቱ ታሽጎ ኪሴ ውስጥ ነው። ማስፈራሪያ ብቻ ነው ብለው አይጽናኑ። አንድ ልጅ ሞቷል። ቀጥሎ የሚሞተው እኔ እንድሆን እርስዎ በጽሑፍ ወስነዋል። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።

ሀምዱ በልጁ መቃብር ላይ ምሎልኛል፦ ኢዛና እውነቱን በገዛ እጁ ጽፎ ከላከ፣ «ጣቴ ለቀቀው» ብሎ እንኳ ቢጽፍ፣ ነገሩ ለፖሊስና ለዳኛ ይሰጣል እንጂ ለወንድሞቹ አይሰጥም። መሐላውን ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል። ለልጅዎ ከዚህ የተሻለ ነገር ሐዋሳም አያገኙለትም። ሂንድ ስለ ጣትም ስለ ምስማርም አትጠይቅም። የምትጠይቀው ያንኑ ነው፦ ልጄ ምን አለ?

ሽማግሌዎቹ የካቲት 6 ቀን ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ይቀመጣሉ። በኢዛና ግራ እጅ የተጻፈ፣ ለሦስቱም ጥያቄ መልስ ያለበት፣ በስሙ የተፈረመ ደብዳቤ ሐሙስ የካቲት 5 ቀን፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት እጄ ይግባ። በቃል የሚላክ መልእክት፣ ምርቃት፣ የሽማግሌ ልመና አልቀበልም። አሥር ሰዓት ሲሞላ በአንድ እጄ ወይ የልጅዎ ጽሑፍ ይኖራል፣ ወይ ለወንድሞቹ የምዘረጋው የቤትዎ ሥዕል። የትኛው እንደሚሆን እስከዚያች ሰዓት ድረስ በጽሑፍ ያሳውቁኝ።

እሸቴ